ኦይል ሲል ተቀይሮ ዘይቱ ለምን ተመልሶ ያፈሳል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ኮሮላ ናት፤ ሞተሯ ፎር ኤ ኤፍ ኢ፣ ካምቢዮዋ ማንዋል። ሞተሩና ካምቢዮው በሚጋጠሙበት በኩል ዘይት ታንጠባጥብ ነበር። ካምቢዮ ወርዶ የክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) የኋላ ኦይል ሲል፣ ማለትም ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው የጎማ ቀለበት፣ ተቀየረ። ብዙም ሳልነዳት እዚያው ቦታ ላይ ጀመራት። መካኒኩ «ሲሉ ፎርጅድ ነው፣ ሌላ ግዛ» ይለኛል። ካምቢዮ እንደገና ማስወረድ ለኪስም ከባድ ነው። ከማስፈታቴ በፊት ምን ላረጋግጥ?

መልስ 1፦ መጀመሪያ ዘይቱን ለይ። ከስሯ ነጭ ካርቶን አንጥፈህ አሳድራት። የካምቢዮ ዘይት ድኝ ድኝ ይሸታል። እሱ ከሆነ የሚያፈሰው የካምቢዮው ሲል ነው፣ ሞተሩን ተወው።

መልስ 2 (ጋራዥ የምሠራ)፦ ወንድሜ፣ ሲሉን ከመውቀስህ በፊት የሞተሩን ትንፋሽ እይ። ሞተር ሲሠራ ጥቂት ጋዝ በፒስተን ፋሻዎቹ (ፒስተኑን የከበቡት ቀለበቶች) ሾልኮ ወደ ታች መውረዱ አይቀርም። ይህን ጋዝ በፒሲቪ ቫልቭ (የሞተሩ ጋዝ ማስተንፈሻ) በኩል ኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባበት ቱቦ) ይስበውና ተመልሶ ይቃጠላል። ቫልቩ በጥቀርሻ ከተደፈነ ጋዙ መውጫ ያጣል፤ ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል። ኦርጅናል ሲል ብታስገባም ያው ነው።

ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሚኒሞ ይሥራ። የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈትና አፉ ላይ ወረቀት ጣል አድርግበት። ሶፍት እንዳታደርግ፣ ይውጠዋል! ወረቀቱ ተስቦ ከተለጠፈ ጤነኛ ነው። እየተርገበገበ ከተነሳ ግፊት አለ።

ግፊት ካለ ፒሲቪውን ከቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሽፋን ላይ ንቀለው። ስትነቀንቀው ካልተንኳኳ ተጣብቋል። ቱቦው ላይ እንዳለ ሞተሩን አስነስተህ ጫፉን በጣትህ ድፈነው፤ ጣትህን ጠበቅ አድርጎ መሳብ አለበት። ካልሳበ ቱቦውንም እይ። ሁሉም ደህና ሆኖ ወረቀቱ አሁንም ከተነሳ ግን ፋሻ ያለቀ ይመስላል። ኮምፕሬሽን (በየሲሊንደሩ የሚታመቀውን ግፊት) አስለካ። ዝቅ ባለው ሲሊንደር በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምረህ ስትለካ ቁጥሩ ከፍ ካለ ጥፋቱ የፋሻው ነው።

ጠያቂ፦ ዘይቱ የሞተር ነው። ወረቀቱ ተነሳ፤ ፒሲቪውን ብነቀንቀው ድምፅ የለም። አዲስ አስገባሁ፣ አሁን ወረቀቱ ይለጠፋል። ማንጠባጠቡ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ሲሉ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ 3፦ ቆይ፣ አታስወርድ። የፎር ኤ ዲስትሪቢውተር (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው) ቴስታታው ጫፍ ላይ ነው፣ ከካምቢዮው በላይ። ኦሪንጉ (ክብ የጎማ ማሸጊያው) ሲደርቅ ዘይቱ ቁልቁል ይወርድና ላየው ሰው የኋላ ሲል ይመስላል። ያንን ጎን ከላይ እስከ ታች አጽዳው። ትንሽ ነድተህ እርጥበቱ ከየት እንደሚጀምር በባትሪ እይ።

መልስ 2፦ እውነቱን ነው። ምናልባት ካምቢዮው መውረዱ ግድ ከሆነ ደግሞ መካኒኩ አጠገብ ቁም። አሮጌውን ሲል በካቻቢቴ ሲያወጣ ዘንጉን እንዳይጭረው። የሲሉ ከንፈር የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ፣ አዲሱ ከንፈር ቦዩ ላይ እንዳያርፍ ሲሉን ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ ያስገባው። ከንፈሩ ዘይት ይቀባ፣ ደረቁን ከገባ ወዲያው ይበላል። በመዶሻ በአንድ ጎን መምታት የለም፤ ዙሪያውን እኩል ይግባ።

ጠያቂ፦ ተገኘ! ዲስትሪቢውተሩ ስር ረጥቧል፣ ከሱ በላይ ደረቅ ነው። ኦሪንጉን ነገ እገዛለሁ።

መልስ 3፦ ከመንቀልህ በፊት ዲስትሪቢውተሩና ቴስታታው በሚገናኙበት ላይ በቀለም ምልክት አድርግ። ሮተሩ (ውስጡ ያለው ተሽከርካሪ) ወዴት እንደዞረም በስልክህ ፎቶ አንሳው። አለበለዚያ ታይሚንግ (እሳቱ የሚሰጥበት ቅጽበት) ተዛብቶ ሌላ ጥያቄ ይዘህ ትመጣለህ።