ክርክር፦ ዳር ያሉ የባቡር ጣቢያዎች ያለ ሠራተኛ ይሥሩ?

መነሻ፦ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የመጀመሪያ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የአያቱ መስመር ጥቂት ቆይቶ ሲጨመር ጣቢያዎቹ 39 ሆኑ። በአያት መስመር ያሉት ትንንሾቹ ትኬት ሻጭ ይቅርባቸው፣ ክፍያው በቴሌብር ይሁን፣ የሚተርፈው ደመወዝ ለጣቢያው ጥገና ይዋል የሚል ሐሳብ እዚህ ተነሥቷል። ምን ትላላችሁ?

ሐዲዱ፦ እስማማለሁ። ኪዮስክ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ፕላትፎርሙ ላይ አምፖል ቢቃጠል፣ ቦይ ቢደፈን አያይም። ቴሌብር ደግሞ በ*127# ስለሚሠራ ስማርት ስልክ የግድ አይደለም።

የመሪዋ፦ ወንድሜ፣ ስልክ የሌለው ተማሪስ? ገንዘቡ ተቆርጦ መልእክቱ ያልደረሰው ሰው ማንን ይጠይቅ? በሰው ፈንታ ትኬት የሚሸጥ ማሽን ይተከል የምትሉም አስቡት። ማሽን ብሩን የሚያነበው በሴንሰር ነው። የተጨማደደና በፕላስተር የተጣበቀ ብር ይመልሳል፤ የበጋ አቧራ ሴንሰሩን ሲሸፍነው አዲሱንም መመለስ ይጀምራል። ቶሎ ቶሎ ካልተጠረገ ዋጋ የለውም፤ የሚጠርገው ደግሞ ሰው ነው።

አምፔር፦ ትኬቱ ላይ ተቸክለን ቀረን። ሰው የሌለበት ጣቢያ ከሁሉ በፊት የማይጠፋ መብራት ይፈልጋል። የባቡሩ ሽቦ 750 ቮልት ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) ስለሆነ አምፖል በቀጥታ አይቀጠልበትም። የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ጣቢያው አብሮ እንዳይጨልም ሶላር ይሻላል፤ ስሌቱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባለ 30 ዋት ኤልኢዲ 12 ሰዓት ሲበራ 360 ዋት ሰዓት፣ በ12 ቮልት ባትሪ 30 አምፔር ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) ይበላል። ክረምት ላይ ለ3 ሌሊት ያለ ፀሐይ እንዲያበራ 90 ያስፈልጋል። ሌድ አሲድ ባትሪ በየጊዜው ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር የሚገዛው 180 ነው። ለመቆጠብ ሲባል 100 ይገዛና ሐምሌ ላይ ይጨልማል፤ ከዚያ «ሶላር አይረባም» ይባላል። ፓነሉ ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ያህል ይዘንበል፤ ከተነጠፈ ዝናቡ አቧራውን አያጥብለትም። ባትሪው ምሰሶው ላይ ከፍ ብሎ ይታሰር፣ ሳጥኑም ይቆለፍ። መሬት ላይ ከተቀመጠ ወይ ጎርፍ ይገባበታል ወይ ይሰረቃል።

ግንበኛው፦ አምፔር ባለው ላይ ራምፕ ጨምሩበት። ዊልቼር የሚያነሳ ሰው ከሌለ ራምፑ ያለ ረዳት የሚወጣ መሆን አለበት፤ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት። ፕላትፎርሙ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 3.6 ሜትር ማለት ነው። ቦታ አነሰ ተብሎ 2 ሜትር ላይ ከተቆረጠ ዊልቼሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። ሥሩ ላይ ውኃ እንዳይቋጥር ቦዩ ቀድሞ ይሠራ። ጣቢያው ያለው መንገዱ መሃል ከሆነ ደግሞ ዜብራው ከራምፑ ፊት ለፊት ካልሆነ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ሐዲዱ፦ የመሪዋ ስልክ ስለሌለው ተማሪና ስለ ማሽኑ ያለችው ትክክል ነው፤ ሐሳቤን ላስተካክል። የመሪ፣ የሲኤምሲና የቅዱስ ሚካኤል ጣቢያዎች ተከታታይ ናቸው። አንድ ተመላላሽ ሠራተኛ በባቡሩ እየሄደ ሦስቱንም ያዳርስ፤ ትኬት ይሽጥ፣ አምፖልና ቦይ ይይ፣ የተበላሸውን በዕለቱ ያሳውቅ።

የመሪዋ፦ ለቀን ጥሩ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ግን ተመላላሹ አንዱ ጋ ሲሆን ሁለቱ ባዶ ናቸው። ብቻዋን ባቡር ለምትጠብቅ ሴት መብራት ብቻውን አይበቃም። ሲመሽ በየጣቢያው አንድ ሰው፣ እስከ መጨረሻው ባቡር። ከዚህ አልወርድም።