ትልልቅ ኮከቦች ሲፈጠሩ ብርሃናቸው ጋዙን ገፍቶ አይመልሰውም እንዴ?

ፒያሳዋ፦
ሰላም ናችሁ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ኮከብ ሚፈጠረው ጋዝና አቧራ በራሱ ስበት ሲሰበሰብ ነው አይደል፣ እሺ ፀሐይ በዚህ ትፈጠር፣ ግን ከፀሐይ 20 እና 30 እጥፍ ሚከብዱት ገና አድገው ሳይጨርሱ ማብራት ይጀምራሉ ይባላል፣ ታዲያ ያ ሁሉ ብርሃን ሚመጣውን ጋዝ አይመልሰውም? ደሞ ሲፈጠሩ ያየ ሰው አለ?

የሰማይ ወዳጅ፦
ፒያሳዋ ይሄ እኮ አስትሮኖመሮቹንም ለብዙ አመት ያስጨነቀ ጥያቄ ነው። ብርሃኑ አቧራውን ይገፋል፣ አቧራው ደሞ ጋዙን ይዞት ይሄዳል፣ ስለዚ ጋዙ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢመጣ ኖሮ እድገቱ ይቆም ነበር። ግን ደመናው ስለሚሽከረከር ጋዙ መጀመሪያ ኮከቡ ዙሪያ ጠፍጣፋ ዲስክ ይሰራል፣ በዲስኩ በኩል ይገባል፣ ብርሃኑ ደሞ ከላይና ከታች ክፍት በሆነው በኩል ይወጣል።

አራት ኪሎ፦
እና እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ሄደን ማየት አንችልም? 1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ አይደል።

የሰማይ ወዳጅ፦
አሉ፣ ግን እነሱ ሚሰሩት አይን በሚያየው ብርሃን ነው፣ ገና ሚፈጠር ትልቅ ኮከብ ደሞ በወፍራም አቧራ ተሸፍኖ ነው ያለው፣ ያ ብርሃን አያልፍም። አይን ማያያቸው ኢንፍራሬድና ሚሊሜትር ሞገድ ግን አቧራውን ያልፋሉ። ለዛ ነው ቺሊ አታካማ በረሃ 5000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ 66 አንቴና ያለው አልማ ሚባለው ቴሌስኮፕ የተተከለው፣ ሚሊሜትሩን የአየር እርጥበት ስለሚውጠው ደረቅና ከፍ ያለ ቦታ ያስፈልጋል። በጣም ሚገርመኝ ኦሪዮን ሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ያለው ሶርስ አይ ሚባል ገና ሚፈጠር ኮከብ ነው፣ ዲስኩ ውስጥ ጨው አገኙ፣ አዎ ወጥ ውስጥ ምንጨምረው ጨው፣ በትነት መልክ! ጨው ዲስኩ ላይ ብቻ ስለታየ በሱ ሽክርክሪቱን ለኩ፣ ከፍጥነቱ ተነስተው ኮከቡ የፀሐይን 15 እጥፍ ገደማ እንደሚከብድ አወቁ።

ፒያሳዋ፦
ጨው?! እግዜር ይስጥልኝ፣ ዲስኩ አሁን ገባኝ። ግን ለምን ኦሪዮን ኦሪዮን ይላሉ ሁሌ?

የሰማይ ወዳጅ፦
ቅርብ ስለሆነ ነዋ፣ 1350 የብርሃን አመት ገደማ፣ ትልልቆቹ ደሞ በቁጥር ጥቂት ናቸው፣ እድሜያቸውም ጥቂት ሚሊዮን አመት ብቻ ነው፣ የኛ ፀሐይ 10 ቢሊዮን ገደማ ነው ምትኖረው። አቧራቸውን አባረው የወጡትን ግን እዚሁ ታያላችሁ፣ ታህሳስና ጥር ማታ ኦሪዮን አዲስ አበባ ላይ አናት ሊደርስ ምንም አይቀረውም፣ ከሶስቱ ተርታ ኮከቦች ስር ጭጋግ መሳይ ነገር አለ፣ በትንሽ ቴሌስኮፕ መሀሉ ላይ አራት ኮከብ ይለያል። የመንገድ መብራት ከሌለበት ግቢ ብቻ ሞክሩት።