ጥቁር አፈር ላይ የአጠና ርብራብ እግር ምን ላይ ይቁም?

የአቃቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አቃቂ የወንድሜን ጂ ፕላስ 2 ቤት እያሠራሁ ነው። እሱ ውጭ ስለሆነ ሳይቱን የምከታተለው እኔ ነኝ። ለውጭ ልስን ለሳኞቹ የሚቆሙበት የአጠና ርብራብ ተተክሏል። አንዳንዱ እግር ባዶ አፈር ላይ፣ አንዳንዱ ብሎኬት ላይ ቆሟል። ዝናቡ ከገባ ወዲህ አንዱ ጥግ ዘመም ብሏል። ፎርማኑ «ችግር የለውም፣ ከቤቱ ጋር ታስሯል» ይላል። ለሳኞቹ ይውጡበት ወይስ ላስቁም?

አሮጌው አናጢ፦
እህቴ፣ አሁኑኑ አስቁሚ። የዘመመ ርብራብ ላይ ሰው አይወጣም። ከቤቱ ጋር መታሰሩ ወደ ውጭ እንዳይወድቅ ያግዛል እንጂ ክብደት አይሸከምም።

ጥቁር አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያብጥና ይለሰልሳል። የአጠና ጫፍ ደግሞ ጠባብ ስለሆነ እንደ ችካል ይሰምጣል። ብሎኬትማ ጭራሽ አይታሰብ! ውስጡ ክፍት ነው፤ ምልክት ሳይሰጥ ነው የሚፈረካከሰው።

መፍትሔው ክብደቱን ማስፋት ነው። አንድ ቋሚ 900 ኪሎ ተሸክሞ 15 በ15 ሳንቲ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ቢቆም፣ በየካሬ ሳንቲሜትሩ 4 ኪሎ ያርፋል። ከሥሩ 20 በ90 ሳንቲ ጣውላ ሲገባ ወደ ግማሽ ኪሎ ይወርዳል። ጣውላው ግን ወፍራም ይሁን፣ 4 ሳንቲ ገደማ። ስስ ከሆነ መሃሉ ላይ ተሰብሮ ዋጋ የለውም። መጀመሪያ ጭቃው ይጠረግ፣ ገረጋንቲ (ጠጠራማ የሙሌት አፈር) ይደልደልና ይጠቅጠቅ።

ሙሌቱንም ጠይቂ። ለመሠረት የተቆፈረው ቦይ ግድግዳው ሥር ነው፤ የርብራቡ እግር የሚያርፈውም እዚያው ነው። አፈሩ ሳይጠቀጠቅ ከተደፋ ውሃ ሲገባበት ይወርዳል።

የአቃቂዋ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ፣ አስቁሜያለሁ። የዘመመው ጥግ ሴፕቲክ ታንክ የተቆፈረበት ጎን ነው። ጉድጓዱ ከእግሩ አንድ ሜትር አይርቅም።

አሮጌው አናጢ፦
እሱ ነው ነገሩ። አፈሩ ወደ ጉድጓዱ እየሸሸ ሳይሆን አይቀርም። በጉድጓዱ አፍ ማንም አይለፍ። ልምድ ያለው አናጢ ያንን ጥግ መጀመሪያ ደግፎ፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች ይፍታው። ታንኩ አልቆ ዙሪያው በየ20 ሳንቲው እየተጠቀጠቀ ሳይሞላ እዚያ በኩል ልስን አይጀመር።

ሳይት መሐንዲስ፦
አንድ ልጨምር። ዝናብ በጣለ ቁጥር ለሳኞቹ ሳይወጡ እያንዳንዱን እግር ዞራችሁ እዩ። በቋሚውና በጣውላው መካከል ምስማር የሚያስገባ ክፍተት ካለ ያ እግር አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሸክሙን ጎረቤቶቹ ወስደውለታል። በጠንካራ እንጨት ሽብልቅ አጥብቁትና በምስማር ምቱት። አሸንዳ ካልተገጠመ ደግሞ የጣሪያው ውሃ በቀጥታ እግሩ ሥር ነው የሚወርደው። ቦይ ቅደዱለት፣ ከርብራቡ ይራቅ።