ተማሪዎቼ «የለጠፍኩትን አጠፋዋለሁ» እያሉኝ ተቸግሬያለሁ፤ ምን ላድርግ?

እባካችሁ ምክር ፈልጌ ነው። የ8ኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ጥንቃቄ እንዳስተምር ሁለት ክፍለ ጊዜ ተሰጠኝ። የመጀመሪያው አለፈ፤ እውነቱን ለመናገር አልተሳካልኝም።

«ዛሬ የለጠፋችሁት ነገ ሥራ ስትፈልጉ ይከተላችኋል» ስላቸው ሳቁ። ለ14 ዓመት ልጅ ሥራ ፍለጋ ሩቅ አገር ነው። አንዷ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ስናፕቻት ላይ እኮ በራሱ ይጠፋል» አለችኝ። ስለ ስክሪንሾት ሳነሳባት፣ «ካነሱት ያሳውቀኛል» አለች። «በሌላ ስልክ ካሜራ ቢያነሱትስ?» አልኳት። ዝም። ክፍሉም አብሮ ዝም አለ። በ40 ደቂቃ ውስጥ የሰሙኝ ያኔ ብቻ ይመስለኛል።

የይለፍ ቃል፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ምናምን አያሳስበኝም፤ በዚህ ከእኔ ይበልጣሉ። የቸገረኝ የመልካም ስም ጉዳይ ነው። የአንድ ተማሪ ፎቶ፣ ሲያለቅስ የተነሳው፣ ስቲከር ሆኖ ቴሌግራም ግሩፓቸው ውስጥ ይዞራል። ልጁም አብሮ ይስቃል፤ ግን ከዚያ ወዲህ ኋላ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። እሱን ምሳሌ ባደርገው መልሼ ማሳፈር ይሆንብኛል። ባልፈውም አላስተማርኩም።

ሁሉም የራሱን ስም ጎግል ላይ ይፈልግ ልል አስቤ ነበር። ያልታሰበ ነገር ክፍል ፊት ቢወጣስ? (የራሴን ፈልጌ ማታውን የድሮ ፖስት ስሰርዝ አመሸሁ፤ አትሳቁ።)

ሳያስፈራራ፣ ማንንም ሳያሳፍር ይህን ያስተማረ ካለ፣ በምን ጀመራችሁ? ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሐሙስ ነው።