«ካናቢስ ስኪዞፍሬንያ ያመጣል» ተብሎ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ?

ለክርክር የቀረበው፦ ለወጣቶች በሚዘጋጅ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ላይ ይህን ዐረፍተ ነገር እንዳለ ማስቀመጥ ተገቢ ነው? (ስኪዞፍሬንያ ሰውን ከእውነታ የሚያራርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው።)

ሳይካትሪ ነርስ፦ ይጻፍ እንጂ! ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ1970 ለውትድርና የተመዘገቡ ከ45,000 በላይ ወጣቶች ለ15 ዓመት ክትትል ተደርጎባቸዋል። ከ50 ጊዜ በላይ ተጠቅመናል ያሉት በስኪዞፍሬንያ የመያዝ ዕድላቸው ጭራሽ ካልቀመሱት 6 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?

ስታቲስቲሺያን፦ 6ቱን ጠቅሰሽ ቀጥሎ ያለውን ዘለልሽው። ገና ሲመዘገቡ የነበረባቸው የአእምሮ ችግርና የቤተሰብ ሁኔታ ስሌቱ ውስጥ ሲገባ ወደ 2.3 ወርዷል። እጥፍ ደግሞ የምን እጥፍ እንደሆነ ካልተነገረ ያሳስታል። ስኪዞፍሬንያ በዕድሜ ዘመን የሚይዘው ከ100 ሰው 1 ገደማ ነው፤ እጥፍ ቢሆን 2። «ያመጣል» ብለሽ ብትለጥፊ፣ ወጣቱ አብረውት የሚያጨሱትን ቆጥሮ አንድም የታመመ ሲያጣ ቀሪውንም ምክርሽን አብሮ ይጥለዋል።

ፋርማሲስት፦ ሁለታችሁም ካናቢስ ሁሉ አንድ ይመስል ነው የምትከራከሩት። 0.3 ግራም ቅጠል 5 በመቶ ቲኤችሲ (የሚያሰክረው የካናቢስ ንጥረ ነገር) ካለው 15 ሚሊግራም ይዟል፤ 20 በመቶ ከሆነ 60። ከጢሱ ወደ ደም የሚደርሰው ጥቂቱ ቢሆንም ልዩነቱ ያው አራት እጥፍ ነው። በምርምር ላይ 2.5 እና 5 ሚሊግራም ቲኤችሲ በደም ሥር የተሰጣቸው ጤነኛ ሰዎች ለአጭር ጊዜ ጥርጣሬና የሐሳብ መዘበራረቅ ታይቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው፣ በአውሮፓና በብራዚል 11 ቦታዎች የተሠራው ጥናት ደግሞ በየቀኑ ለሚጠቀሙት የሳይኮሲስ (የሌለ ድምፅ እንደ መስማት ያለ ከእውነታ የመራቅ ሕመም፤ ስኪዞፍሬንያም አንዱ ነው) ዕድሉን 3.2 እጥፍ፣ በየቀኑ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ቲኤችሲ ያለውን ለሚጠቀሙት 4.8 እጥፍ አድርጎታል። መጠኑ ሲጨምር ሕመሙም አብሮ ከጨመረ እንዲያው አጋጣሚ ነው ማለት ይከብዳል። (የሚበላው ዓይነት የራሱ ጣጣ አለው፦ እስኪሰማ ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ይፈጃል። «አልያዘኝም» ብሎ የደገመ ሰው ሁለቱም ባንድ ላይ ይመጡበታል።)

የሕግ ተማሪ፦ መታመም የጀመረው ሰው ጭንቀቱን ሊያስታግስ ቢሆንስ የሚያጨሰው?

ስታቲስቲሺያን፦ እሱም አለ። የዘረ መል ጥናቶች ለስኪዞፍሬንያ የሚያጋልጠው ውርስ ራሱ ወደ ካናቢስ እንደሚገፋ ያሳያሉ። የኒውዚላንዱ የዱነዲን ጥናት ይህን ለመለየት ሞክሯል። እስከ 15 ዓመታቸው ከጀመሩት 10 በመቶው፣ ካልተጠቀሙት ደግሞ 3 በመቶው በ26 ዓመታቸው ስኪዞፍሬንያ መሰል ሕመም ታይቶባቸዋል። በ11 ዓመታቸው የነበረባቸው ምልክት ሲታሰብ ግን ልዩነቱ ባይጠፋም አስተማማኝነቱ ቀንሷል።

ሳይካትሪ ነርስ፦ እሺ፣ ቃሉ ላይ ተረታሁ፤ «ያጋልጣል» ይባል። ግን ስካሩን ከሕመሙ መለያው ይግባበት። ስካር በሰዓታት ይበርዳል። ድምፅ መስማቱ ወይም «ይከታተሉኛል» ማለቱ ከአንድ ቀን ካለፈ ተኝቶ ይለቀዋል ብሎ መጠበቅ አይሆንም፤ ወደ ሐኪም ነው። በዴንማርክ መዝገብ በካናቢስ የመጣ ሳይኮሲስ ከተባሉት ግማሽ የሚጠጉት በኋላ ወደ ስኪዞፍሬንያ ወይም ወደ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣና የሚወርድበት ሕመም) ዞረዋል። እንዲህ ያለውን ሰው «ዕፁ ነው» ብሎ ያለ ቀጠሮ መሸኘት ትልቅ ጥፋት ነው።

ፋርማሲስት፦ እንዲህስ? «ካናቢስ ለሳይኮሲስ ያጋልጣል፤ በተለይ በልጅነት ከተጀመረ፣ በየቀኑ ከተወሰደና ቲኤችሲው ከበዛ። በቤተሰቡ ስኪዞፍሬንያ ያለበት ፈጽሞ አይንካው።»

ሳይካትሪ ነርስ፦ የመጨረሻዋን መስመር አልቀበልም። ቤተሰብ የአእምሮ ሕመምን ሌላ ስም አውጥቶ ይደብቃል። ልጁ አያቱ ምን እንደነበረባቸው በምን ያውቃል? «እኛ ቤት የለም» ብሎ ፈቃድ ያደርጋታል።

ስታቲስቲሺያን፦ በዚያ ላይ ስኪዞፍሬንያ ከያዛቸው አብዛኞቹ በወላጅም በወንድም በእህትም ሕመሙ የለባቸውም። ዕድሜው ከላይ ይቅደም፣ የቤተሰቡ ነገር ወደ ታች ይውረድ፤ «ፈጽሞ» የምትለዋንም ከ18 ዓመት በታች ላሉት አዙሯት።