አሚርን ይቅር ማለት ያቃተኝ እኔን ብቻ ነው?

የታቦር ልጅ፦ ሰላም የሐዋሳ አንባቢዎች! የኻሊድ ሆሴኒን ልቦለድ «ዘ ካይት ራነር»ን አሞራ ገደል ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ያዘዝኩት ዓሣ ፊቴ ቀዝቅዞ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1975 አፍጋኒስታን፣ ካቡል ውስጥ፣ የአገልጋያቸው ልጅ ሐሰን ለጓደኛው ለአሚር ሰማያዊውን ካይት (በክር የሚበር የወረቀት መጫወቻ) ሊያመጣለት ሮጦ ጥቃት ሲደርስበት፣ አሚር አይቶ ሸሸ። እሺ፣ ልጅ ነው፣ ፈራ እንበል። ግን በኋላ ሰዓትና ብር የሐሰን ፍራሽ ሥር ደብቆ ሌባ ሲያስብለው? ደሜ ፈላ። እናንተስ?

የሦስት ልጆች እናት፦ አንተ ልጅ፣ እኔን ያንገበገበኝ የሐሰን «አዎ» ነው። ያልሰረቀውን ሰረቅሁ አለ፣ ጓደኛውን እንዳያዋርድ። ከስርቆት ሌላ ኃጢአት የለም ሲል የኖረው የአሚር አባት ባባ ወዲያው ይቅር አለው! የሐሰን አባት አሊ ግን ልጁን ይዞ ወጣ። አሚር ያኔም አፉን አልከፈተም። ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?

ባጃጅ ላይ አንባቢ፦ ጦርነቱን ረሳችሁት እኮ። እ.ኤ.አ. በ1979 ሶቪየት ገባ፣ እነ አሚር አሜሪካ ተሰደዱ፣ ሐሰንን ታሊባን ገደለው። ቢጸጸትስ ይቅርታውን ለማን ይበል? ለሐሰን ልጅ ለሶህራብ ብሎ መመለሱን እኔ አልንቀውም። ብቻ ያ ሐሰንን ያጠቃው አሴፍ እንደገና ከች ሲል ፊልም ፊልም ሸተተኝ።

የታቦር ልጅ፦ እትዬ፣ ልክ ነዎት፣ ከመሸሹ ዝምታው ይብሳል። ባጃጁ፣ የአሴፍን ነገር እኔም አልወደድኩትም። መመለሱ ግን ለሐሰን ምን ጠቀመው?

ጀማሪዋ፦ ኧረ በፈጣሪ! እኔ ገና የካይት ውድድሩ ላይ ነኝ። ሐሰን ይሞታል እንዴ?!