ቲፕ ላይ ታክስ ቀረ የሚሉት ለእኛ ቤት ስንት ብር ነው? (ላስ ቬጋስ)

የፍላሚንጎ ጎረቤት (ኦክቶበር 20፣ 2024)

ሰላም ለሁላችሁም። የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ መጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እኔ የመጋዘን ሠራተኛ፣ ባለቤቴ ደግሞ ካዚኖ ውስጥ አስተናጋጅ ነን፤ ሁለታችንም በደብሊው ቱ (አሠሪ የዓመቱን ደመወዝና የተቆረጠውን ታክስ የሚጽፍበት ቅጽ)። የሁለታችን ገቢ ተደምሮ ወደ 62,000 ዶላር ነው፤ ከዚህ 14,000 ያህሉ የእሷ ቲፕ ነው። ልጆች ሁለት። ትራምፕም ሃሪስም ቲፕ ላይ ታክስ ይቀራል ብለዋል። ይሄ ለእኛ በዶላር ስንት ነው? የ2017ቱ የትራምፕ የታክስ ቅነሳ ሕግ ሲያበቃ የልጆቹ ክሬዲት (በየልጁ ከታክሱ ላይ የሚቀነሰው) ይወርዳል የሚባለውስ? የእኔ ኦቨርታይምስ? ደግሞ አዲስ አበባ ለእናቴ በየወሩ የምልከውን ታክስ ላይ ማስቆጠር ይቻል ይሆን? የፓርቲ ስድድብ ይቅር፤ ሒሳብ ነው የምፈልገው።

ደብተር ያዥ

ከሒሳቡ እንጀምር። ባልና ሚስት አብረው ሲያስገቡ የ2024 መደበኛ ተቀናሽ 29,200 ነው። ከ62,000 ሲቀነስ 32,800 ይቀራል። የመጀመሪያው 23,200 ላይ 10 በመቶ፣ ማለትም 2,320፤ ቀሪው 9,600 ላይ 12 በመቶ፣ ማለትም 1,152። ድምሩ 3,472። አሁን ቲፑን አውጡት፦ ታክስ የሚታሰብበት 18,800 ይሆናል፣ ታክሱ 1,880። ልዩነቱ በዓመት 1,592 ዶላር፣ በሳምንት 30 ዶላር ገደማ ነው። ይሄ እንግዲህ ሕጉ ከወጣና ቲፑ ሙሉ በሙሉ ከተነሳ ነው።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከፔይቼክ ላይ የሚቆረጠው የገቢ ታክስ ብቻ አይደለም። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 በመቶ ይሄዳል፤ ከ14,000 ላይ 1,071 ዶላር ማለት ነው። ሃሪስ ይሄ እንደማይነሳ፣ ለገቢውም ጣሪያ እንደሚኖረው በግልጽ አስቀምጠዋል። ትራምፕ በጁን ላስ ቬጋስ ላይ ሲናገሩ ዝርዝር አልሰጡም፤ ሴኔት ውስጥ የቀረበው ረቂቅ ግን የገቢ ታክሱን ብቻ ነው የሚነካው፤ ሁለቱም የኔቫዳ ሴናተሮች ፈርመውበታል። ስለዚህ በቲፕ ጉዳይ ሁለቱ እጩዎች ለእናንተ ቤት ያን ያህል አይራራቁም። ሃሪስ ከቲፑ ጋር አያይዘው የሚያነሱት የዝቅተኛ ደመወዝ ጭማሪም ኔቫዳን ብዙ አይነካም። እዚህ ለባለ ቲፕ ሠራተኛ ተብሎ የተቀነሰ ክፍያ የለም፤ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ዝቅተኛው ለሁሉም በሰዓት 12 ዶላር ነው። ለባለ ቲፕ በሰዓት 2.13 ዶላር የሚከፈለው ሌላ ስቴት ነው።

ሌላው የእመቤቲቱ ደብሊው ቱ ነው። ሳጥን 7 ላይ ያለውን ቁጥር እዩ፤ በሕግ ቲፕ የሚባለው እሱ ነው። ለትልቅ ጠረጴዛ ሒሳቡ ላይ አስቀድሞ የሚጨመረው 18 በመቶ በአይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) አቆጣጠር ቲፕ ሳይሆን ደመወዝ ነው፤ ማንም ቢመረጥ «ቲፕ» ተብሎ ላይነሳ ይችላል። ብዙ ካዚኖዎች ደግሞ ከአይአርኤስ ጋር የቲፕ ስምምነት አላቸው። ለየሥራውና ለየፈረቃው በሰዓት የተተመነ መጠን አለ፤ ሠራተኛው ከፈረመ፣ ጠረጴዛው ባዶም ይዋል ሙሉ፣ ያ መጠን ገቢ ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ 14,000 ያላችሁት ኪስ ከገባው ጋር ላይገጥም ይችላል።

የሰንበት እህት

ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነው? የልጅ ክሬዲቱ እስከ 16 ዓመት ብቻ ነው።

የፍላሚንጎ ጎረቤት

ትልቁ ዲሴምበር 28 ቀን 17 ይሞላዋል።

ደብተር ያዥ

እንግዲያው ጥሩ ጥያቄ ተጠየቀ። በዓመቱ መጨረሻ ቀን 17 ከሞላው የ2024ቱ የ2,000 ዶላር ክሬዲት ይቀርና 500 ይሆናል። ዲሴምበር 28 ቢወለድ፣ ጃንዋሪ 2 ቢወለድ፣ አምስት ቀን ናት የ1,500 ዶላር ልዩነት የምታመጣው። ይሄ ከምርጫው ጋር የሚያገናኘው የለም፤ በፌብሩዋሪ ሪፈንዱ ሲያንስ ግን ሰው ፕሬዚዳንቱን ይሰድባል።

የ2017ቱ ሕግ ሲወጣ ማብቂያው የ2025 መጨረሻ እንዲሆን ነበር የተቀመጠው። ምንም ካልተደረገ በ2026 ክሬዲቱ ወደ 1,000 ይወርዳል፣ መደበኛ ተቀናሹ በግማሽ ያህል ይቀንሳል፣ 12 በመቶው 15 ይሆናል። ነገር ግን በ2017 የተሰረዘው በየነፍሱ የሚቀነሰውም ይመለሳል፤ አራት ነፍስ ላለው ቤት ቀላል አይደለም። በየቪዲዮው «ታክሳችሁ እጥፍ ሊሆን ነው» የሚሉት ይሄን ደብቀው ነው። ትራምፕ ሕጉ ሙሉውን ይቀጥል ይላሉ። ሃሪስ ከ400,000 በታች ገቢ ያለው ላይ ታክስ አልጨምርም ብለዋል። በተጨማሪም ክሬዲቱን በ2021 ወደነበረበት 3,000 እና 3,600 እንመልሰው፣ ለአራስ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት 6,000 እንስጥ ይላሉ። የ2021ዱ አከፋፈል 17 ዓመት የሆነውንም ያካትት ነበር፤ ለእናንተ ትልቁ ልጅ ይሄ ነው ልዩነቱ።

እናትዎን በተመለከተ፦ የሁለቱም እጩ እቅድ ውስጥ የለም፣ አሁን ባለው ሕግም አይቻልም። ጥገኛ ተብሎ የሚቆጠር ወላጅ ወይ የአሜሪካ ዜጋ ወይ የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ያሉ እናት አይቆጠሩም። በስማቸው አስገብቶ ሪፈንድ የሚያመጣ ታክስ ሠሪ ካጋጠማችሁ ቶሎ ሽሹ፤ ደብዳቤው የሚመጣው ለእሱ ሳይሆን ለእናንተ ነው። በሌላ በኩል፣ በ2024 ለአንድ ሰው እስከ 18,000 ዶላር መላክ የስጦታ ታክስ ፎርም አይጠይቅም።

የሸዋ ልጅ

ስለ መላክ ከተነሳ፣ ከጁላይ 29 ወዲህ ነገሩ ተቀይሯል። ብር ገበያው ይወስነው ከተባለ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል። ቤተሰብ «እጥፍ ሆነልህ» ይላል። ዘይትና መድኃኒትም አብሮ እንደተነሳ የሚነግርህ ስልኩን ሊዘጋ ሲል ነው። አሁን የሚያዋጣው በዶላር መወሰንና በብር የሚደርሰውን ለቀኑ ምንዛሪ መተው ነው። በብር ቃል የገባ ሰው በየወሩ አዲስ ሒሳብ ውስጥ ይገባል።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የትራምፕ ምክትል ጄ.ዲ. ቫንስ በ2023 ሴኔት ውስጥ ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ 10 በመቶ የሚያስከፍል ረቂቅ አቅርበው ነበር። አላለፈም። ግን የሚልክ ሰው ሊያውቀው ይገባል።

ሄንደርሰን

አይዞህ፣ እንዲህ ያለው በስቴት ደረጃ አለ። ኦክላሆማ ከ2009 ጀምሮ እስከ 500 ዶላር ለሚላከው 5 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ 1 በመቶ ታስከፍላለች፤ የስቴት ታክስ ስታስገባ ትመልሳለች። ደረሰኙን የሚይዘው ግን ስንቱ ነው?

ወደ ዋናው ልመለስ። ሁላችንም ፕሬዚዳንቱ ታክስ የሚያወጣ እየመሰለን ነው የምናወራው። የታክስ ሕግ የሚጀምረው ከተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ሴኔት ውስጥ በተለመደው መንገድ 60 ድምፅ ይፈልጋል። በበጀት አሠራር ከሆነ 51 ይበቃዋል፤ እኩል 50 ሲሆን ምክትል ፕሬዚዳንቱ ይለያል። የ2017ቱም በዚሁ በር ነው የወጣው። በዚህ በር የሚያልፍ ሕግ ከአሥር ዓመት በኋላ ጉድለቱን ማስፋት አይችልም፣ ሶሻል ሴኩሪቲንም መንካት አይችልም። የሠራተኛው ቅናሽ በ2025 እንዲያልቅ ተደርጎ የኩባንያዎቹ 21 በመቶ ያለ ቀን የቀረው ሒሳቡ እንዲገጥም ነው። ሃሪስ 28 እናድርገው ይላሉ፣ ትራምፕ እዚህ ለሚያመርት 15። ሁለቱም ምክር ቤቱን ማለፍ አለባቸው። ስለዚህ ለታክስ ከሆነ ከፕሬዚዳንቱ ዝቅ ብላችሁ ያለውን መስመር፣ የሮዘንንና የብራውንን የሴኔት ፉክክር ሳትሞሉ ፖስታውን አትዝጉ።

ፕሬዚዳንቱ በራሱ ብዕር የሚያደርገው ሌላ ነው፦ ቀረጥ፣ ኢሚግሬሽን። ትራምፕ በ2018 ብረት ላይ 25 በመቶ የጣሉት ምክር ቤቱን ሳይጠይቁ ነው። አሁን ቻይና ላይ 60፣ ሌላው ላይ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይላሉ። ወደብ ላይ የሚከፍለው አስመጪው ነው፤ የሚታሰበውም በመደርደሪያ ዋጋ ላይ ሳይሆን በገባበት ዋጋ ነው። ሱቅ 100 ዶላር የሚሸጥ ጫማ በ30 ገብቶ ከሆነ ጭማሪው 60 ሳይሆን 18 ነው። ያችን 18 ማን ይሸከማታል ነው ጥያቄው። የጎረቤታችን 30 ዶላር በሳምንት በሁለት ጥንድ ጫማ ታልቃለች።

የሰንበት እህት

ሁሉ ነገር ዶላር አይደለም። ውርጃውስ? ቤተ ክርስቲያን ስንቱ በዚህ ብቻ ነው የሚወስነው።

ሄንደርሰን

መብትሽ ነው። ግን የት ላይ እንደሚወሰን እወቂ። በጁን 2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወደ ስቴቶች መልሶታል። ኔቫዳ ውስጥ እስከ 24 ሳምንት የሚፈቅደው ሕግ በ1990 ሕዝብ ያጸደቀው ነው። እዚያው ወረቀት ላይ ጥያቄ 6 አለ፣ ይህንኑ ወደ ስቴቱ ሕገ መንግሥት ለማስገባት፤ ዘንድሮ ቢያልፍም በ2026 ደግሞ ማለፍ አለበት። አቋምሽን የምትጽፊበት መስመር ከላይ ካለው ስም ይልቅ እሱ ነው።

ዓባይ ማዶ

ይሄ ሁሉ ሒሳብ ጥሩ ነው፤ ግን በኦክቶበር 2020 ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ያሉትን ሰውዬ ረሳችኋቸው? እርዳታም ያስያዙት እሳቸው ናቸው። ለ30 ዶላር ብሎ ሰው ይሄን ይረሳል?

ሐዋሳ ፓርክ

በጃንዋሪ 2022 ከአጎአ (የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት ሕግ) ያስወጣንስ ማን ነበር? ትራምፕ ተናገሩ፣ ባይደን አደረጉ። መርፌ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ሥራዋን ያጣችው በንግግር አይደለም።

ዓባይ ማዶ

አጎአ የተነሳው በጦርነቱ ምክንያት ነው፤ የራሳችንን እጅ አትሸፍን። በ2020 ኤርትራን የቪዛ እገዳ ውስጥ ያስገቡት፣ በኤፕሪል የዲቪና የቤተሰብ ቪዛን ያቆሙትስ?

ሐዋሳ ፓርክ

ቲፒኤስ፣ አሜሪካ ላሉ ኢትዮጵያውያን ጊዜያዊ ከለላው፣ የተሰጠው በባይደን ጊዜ ነው፣ እሱን አልክድም፤ እስከ ዲሴምበር 12፣ 2025 ነው የተራዘመው። ከዚያ በኋላ ያለው በማን እጅ እንደሚወድቅ ነው እንግዲህ። ግን ሃሪስ ስለ ግድቡ አንድ ቃል ሲናገሩ ሰምተሃል?

ዓባይ ማዶ

አለመናገርም አቋም ነው።

ሐዋሳ ፓርክ

ለአንተ ሲሆን ዝምታ አቋም፣ ለእኔ ሲሆን ክህደት።

የፍላሚንጎ ጎረቤት

ወንድሞች፣ ኦቨርታይሜን ማንም አልመለሰልኝም።

ደብተር ያዥ

ይቅርታ፣ ተረስቶ ነው። ትራምፕ በሴፕቴምበር 12 ኦቨርታይም ላይ ታክስ ይቀራል አሉ። አንድ ተኩል የሚከፈለው ሙሉውን ነው ወይስ ተጨማሪዋን ግማሽ ብቻ፣ አልተነገረም፤ በሰዓት 18 ለሚከፈለው በ27 እና በ9 ዶላር መሃል ያለ ልዩነት ነው። ከመጨረሻው ፔይቼክ ላይ ከዓመቱ መጀመሪያ የተደመረውን የኦቨርታይም ቁጥር ጻፍልኝና ሁለቱንም እሠራልሃለሁ።

ወረቀቱን በተመለከተ፦ ፊርማው የሚገባው ከመመለሻው ፖስታ ውጭ ነው፣ ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት) ካለው ፊርማ ጋር ይመሳከራል። መንጃ ፈቃድ ላይ በእንግሊዝኛ ፈርሞ ፖስታው ላይ በአማርኛ የፈረመ ይመለስበታል። ባል ለሚስቱ አይፈርምም። ካልገጠመ ካውንቲው በቴክስት ወይም በደብዳቤ ይጠይቃል፤ ማስተካከል የሚቻለው እስከ ኖቬምበር 12 ነው። ቤታችሁ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካለና በስሙ ወረቀት ከመጣ እንዳይነካው፤ ምዝገባው ይሰረዝ ብሎ በጽሑፍ ይጠይቅ፣ ቅጂውን ይያዝ። ሲቲዝንሺፕ ሲያመለክት ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ ተብሎ ይጠየቃል።

ዓባይ ማዶ

ሐዋሳ ፓርክ፣ የፌብሩዋሪ 2021ዱን ውሳኔ አንብበህ ተመለስ። እርዳታውን ከግድቡ የለየው ማን እንደሆነ እናያለን።

የፍላሚንጎ ጎረቤት

ቁጥሩ 4,860 ነው። በሰዓት 18.50።